ሦስተኛ ማዕረግ

በእኛ አካባቢ፣ በአሶሳና በጾሬ፣ «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወፍጮን ነው። እናቶች «ባቡር ቤት ደርሼ መጣሁ» ካሉ እህል አስፈጭተው መመለሳቸው ነው፤ ነጠላቸው ላይ የቀረው ዱቄት ይመሰክርላቸዋል። ሰው አሳፍሮ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ለመለየት «የምድር ባቡር» ማለት ያስፈልጋል። እርሱም ቢሆን በወሬና በመጽሐፍ እንጂ በዓይን የሚታወቅ ነገር አይደለም። እኔ እንግዲህ ሐዲድ ባልረገጠው በዚህ ቀዬ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ የመንገደኛ ፉርጎዎችን በትንሹ እየሠራሁና እየሰበሰብሁ እነዳለሁ። «ምን ይሠራልሃል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱ በቁመት የሚያልቅ ስላልሆነልኝ ቁጭ ብዬ ጻፍሁት።

ነገሩ የመጣው በሻንጣ ነው። ጀርመን አገር የሚኖር አጎቴ ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ሁለት ያገለገሉ ፉርጎዎች፣ አንዲት ትንሽ ሎኮሞቲቭ፣ 12 ጎባጣና 20 ቀጥ ያሉ የሐዲድ ቁራጮች ይዞልኝ መጣ። ይህን ዓይነቱን ባቡር የኑረምበርጉ የሌማን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ በአጭሩ ኤል ጂ ቢ ይሉታል። ከሌሎቹ ሞዴል ባቡሮች የሚለየው በትልቅነቱ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ደጅ፣ ዝናብና ፀሐይ በሚፈራረቁበት አፈር ላይ ይዘረጋል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። ፉርጎዎቹም ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ አንሰው ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንባቢን ትንሽ ስሌት አስቸግራለሁ። 45ን በ22.5 ብናባዛው አንድ ሜትር ይመጣል፤ የሚተርፈው አንድ ሳንቲ ሜትር ከምንም አይቆጠርም። ጀርመኖቹ ይህን ልክ ሲመርጡ የተራራ አገሮቻቸውን ጠባብ ሐዲድ እያሰቡ ነበር። ነገር ግን አንድ ሜትር ማለት የእኛው የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ስፋት ነው! ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጥተውበት፣ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 አዲስ አበባ የገባው፣ ጣቢያውም በ1922 ተመርቆ ለገሃር የሚለውን ስም ለሰፈር ያወረሰው ያ መስመር፣ ጓሮዬ ላይ ከተዘረጋው መጫወቻ ጋር በልኩ አንድ ነው። ይህን ያወቅሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአጎቴ ስጦታ ከባዕድ አገር የመጣ እቃ መሆኑ ቀርቶ የእኛ ሆነ።

ሐዲዴ በጠቅላላው 10 ሜትር አይሞላም፤ በእውነተኛው ልክ 220 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩን የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ ለመጨረስ ባቡሬ ጓሮዬን 3,560 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። አንድ ክረምት ሙሉ ቆጥሬ ሞከርሁት፤ አዋሽን ያለፍሁ ይመስለኛል።

ሎኮሞቲቭ የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። እኔ ግን አንዷ ትበቃኛለች፤ ልቤ ያለው ፉርጎው ላይ ነው። ምክንያቱን ለመናገር ስለ አባቴ ማውራት ይኖርብኛል። አባቴ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ አሶሳ የመጣው ከብዙ ሰው ጋር በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ነው። ወንበር አልነበረውም፤ ቲኬት አልቆረጠም፤ የሚሄድበትንም አገር ስም የሰማው መንገድ ላይ ነበር። ሲደርስ «ሰፋሪ» ተባለ። ተሳፋሪ ሳይሆን ሰፋሪ የሆነ ሰው ነው ብዬ አስባለሁ፤ በቋንቋችን ሁለቱ ቃላት ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚኖሩ ልብ ይሏል። ተሳፋሪ ግን ወንበር አለው፤ የሚወርድበትን ያውቃል፤ ቢፈልግም ይመለሳል። አባቴ አንድ ቀን ፉርጎዬን አንሥቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተና፣ የተደረደሩትን ትንንሽ ወንበሮች አይቶ፣ «ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ?» ሲል ጠየቀኝ። ሌላ አልተናገረም።

ከሻንጣ የወጡት ሁለቱ ፉርጎዎች አልበቁኝምና ሌሎቹን ራሴ መሥራት ጀመርሁ። ለግድግዳው ሽመል እጠቀማለሁ። የእኛ የቆላው ቀርከሃ እንደ ደጋው ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነውና ሲሰነጠቅ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለጣሪያው የዘይት ጣሳ አለ። ጎማው ብቻ ከውጭ ይመጣል፤ ብረት መሆን አለበት፤ ላስቲኩ ቀላል ስለሆነ ፉርጎው መሬት አይይዝም። ሐዲዱ ናስ ስለሆነ የአሶሳ ዝናብ አያሸንፈውም። ምስጥን ግን እፈራ ነበር፤ በዚህ አገር ምስጥ የማይበላው ነገር ጥቂት ነው። ደግነቱ አግዳሚዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ምስጦቹ ቀምሰው የተዉአቸው ይመስለኛል። መብራት መጥቶ እስኪሄድ ላለመጠበቅ ስል ደግሞ የእጅ መሰርሰሪያ ባትሪ በዕቃ ፉርጎው ውስጥ ደብቄ ሎኮሞቲቯን ከኋላ እመግባታለሁ። የደጅ ባቡር የሚነዱ ሰዎች በየአገሩ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው።

12 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ በእኔ ልክ 53 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጎባጣው ላይ ሲደርስ፣ የክቡ መካከል ከሐዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጡና የማያምር ነገር ይሆናል። አጠር አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ብዙዎች እንዲያ ያደርጋሉ። እኔ እምቢ ብያለሁ። ፉርጎ ሲያጥር ስንት ሰው ከወንበር እንደሚነሣ ማሰብ አልወድም።

የሰው ነገር ከተነሣ፣ የጎረቤቴን የሸህን ጉዳይ ላንሣ። ሸህ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ድንበሩን ተሻግረው፣ ከደማዚን ባቡር ተሳፍረው፣ ሱዳን ውስጥ በጥጥ እርሻ ሲሠሩ ኖረዋል። ለአሶሳ ሰው የቅርቡ ሐዲድ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሳይሆን ደማዚን እንደ ነበር ከእርሳቸው ነው የተማርሁት። ባቡሬን ያየ ሰው ሁሉ «ወዴት ይሄዳል?» ይላል፤ እርሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ሰዎቹስ የታሉ?» አሉኝ። ፋብሪካው የሚሸጠው ፉርጎ ባዶ ነው። ሰዎቹ ለብቻቸው ይሸጣሉ፤ እነርሱም ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጋዜጣ የያዙ፣ ውሻ የሚጎትቱ ናቸው። ሸህ የሚያውቁት ሌላ ነው፤ ሦስተኛ ማዕረግ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ፣ ጣሪያው ላይ ጥምጣሙን አፉ ላይ አስሮ አሸዋ የሚመክት ሰው። «እኔ ጣሪያው ላይ ነበርሁ» አሉኝ።

ስለዚህ የሱዳን ሦስተኛ ማዕረግ ለመሥራት ተነሣሁ። ችግሩ የሱዳን ሐዲድ ከእኛው ይሰፋል፤ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። በእኔ ልክ ወደ 47.4 ይመጣል፤ ያለኝ ደግሞ 45 ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር ከዚያም ይሰፋል፤ 1,435 ሚሊ ሜትር። በዓለም ላይ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች ይህን የሚፈቱት በቀላሉ ነው፤ ሐዲዱ 45 ሆኖ ይቀመጣል፤ ፉርጎው ግን በ22.5 ፋንታ 24 ጊዜ ወይም 32 ጊዜ እንዲያንስ ይደረጋል። ስሌቱ ትክክል ነው። ግን አንድ ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በ22.5 ልክ 7.5 ሳንቲ ሜትር ሲቆም፣ በ32 ልክ 5.3 ብቻ ይቀረዋል። ሐዲዱ ልኩን እንዲጠብቅ ሰው ያንሳል ማለት ነው። የሸህን ጓደኞች ከአባቴ ዘመዶች አሳንሼ በአንድ ባቡር ላይ ላስቀምጣቸው አልቻልሁም። ስለዚህ የሰው ቁመት አይነካም፤ ሁሉም 7.5 ነው። የሚሳሳተው ሐዲዱ ይሁን ብዬ ወሰንሁ፤ 2.4 ሚሊ ሜትር ጉድለት ደግሞ ከሜዳ ላይ ሆኖ የሚያይ የለም። ሞዴል አዋቂ ሰው ይህን ቢያነብ ራሱን እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ።

ሰዎቹን የሚሠሩልኝ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ከኩይሳ አፈር ያቦኩና በፀሐይ ያደርቋቸዋል። አንዳንዶቹ ልጆች የዚሁ አገር ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሸሽተው ጾሬ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ሁሉም የሚያውቀውን ሰው ይሠራል። አንዱ እናቱን ሠርቶ አመጣና መስኮት አጠገብ እንድትቀመጥ ጠየቀኝ፤ አስቀመጥኋት። ሌላው አህያ ሠራ። አህያ አይሳፈርም አልሁት፤ «ታዲያ እንዴት ትቀራለች?» አለኝ። ከዕቃ ፉርጎው ውስጥ፣ ከባትሪው አጠገብ አለች።

ጣሪያው ላይ አራት ሰው ስናስቀምጥ ግን ነገሩ ተለወጠ። የኩይሳ ጭቃ ከባድ ነው፤ ክብደቱም ከላይ ሆነ። ሐዲዱ ለፉርጎው ቁመት ጠባብ ነው። ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ ብዬ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨመርሁ፤ ጎባጣው ላይ የውስጠኞቹ ጎማዎች መሬት ለቀቁና ፉርጎው ወደ ውጭ ጋደለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ የታወሰኝ አዋሽ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. ሰው የሞላበት የመንገደኛ ባቡር ከአዋሽ አጠገብ ወደሚገኝ ጎባጣ ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ፤ ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወርደው ከ400 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። አባቴ በጭነት መኪና በተጫነበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ወንበር ስላለው ተሳፋሪ ከላይ የጻፍሁትን አልሰርዝም፤ ይህንንም ግን አጠገቡ መጻፍ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ባቡሬ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የባቡር መስመር ዕቅድ ውስጥ ከእጃጂ ተነሥቶ በነቀምቴ አድርጎ አሶሳንና ኩርሙክን የሚነካ መስመር ነበረ። ካርታውን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቀጭን መስመር ናት፤ እስከ ዛሬም ከወረቀት አልወረደችም። ሸህ ካርታውን አይተው፣ ኩርሙክ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ከዚህ እስከ ደማዚን ማን ይጨርሰዋል?» አሉ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው፤ የእኛ ሐዲድና የእነርሱ ሐዲድ ስፋታቸው ስለማይገጥም ተሳፋሪው ድንበር ላይ ወርዶ መቀየር ሊኖርበት ነው። በጓሮዬ ግን ሁለቱ ፉርጎዎች በአንድ ሎኮሞቲቭ ይጎተታሉ።

አሁን ሦስተኛ ማዕረጉ 38 ሰዎች ይዟል፤ ስድስቱ ቆመዋል። ጎባጣውን በውጭ በኩል ጥቂት ከፍ ለማድረግ ጠጠር እየሰበሰብሁ ነው። የጣሪያዎቹን አራት ሰዎች እስከዚያ ድረስ አውርጄ መስኮቴ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ሸህ በዚህ አልተስማሙም፤ ሲያልፉ ሲያገድሙ ቆም ይሉና፣ «እነዚያ ሰዎች ዛሬም ባቡሩ አመለጣቸው?» ይሉኛል።