ደጅ የቆመው ቦይለር

ፈረንጅ «ቦይለር» ሲል ብዙውን ጊዜ ቤት የሚያሞቅ ምድጃ ማለቱ ነው። ውኃው ይሞቅና በቧንቧ እየዞረ ክፍሉን ሁሉ ያሞቃል። በሰሜን አሜሪካ ገጠር ደግሞ ምድጃውን ከቤቱ ራቅ አድርገው እንደ ትንሽ ጎጆ ደጅ ላይ የሚተክሉት አሉ፤ ጭሱና አመዱ እዚያው ይቀራል፣ ሙቅ ውኃው ግን መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ቤት ይገባል። እኛ አዲስ አበቦች ቃሉን ተቀብለን ትርጉሙን ግማሽ አስቀርተነዋል። ለኛ ቦይለር የገላ መታጠቢያ ውኃ ማሞቂያ ነው። ቤት የሚያሞቀውማ ከሰል ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑን ፀሐይ ሲያቃጥለን ውሎ ሌሊቱን ያው የጠራ ሰማይ ሙቀቱን ሁሉ መልሶ ይወስደዋል። እናቴ ልደታ በነበረው የጭቃ ቤታችን ማታ ማታ ማንደጃዋን ታስገባ ነበር። ደጅ አቀጣጥላ፣ አርገብግባ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው የምታስገባው። «ጭሱ ካለቀ ምን ያደርጋል?» ትላለች። በየሠፈሩ የሚታመነው ይኸው ነው፤ ሰው የሚገድለውም እሱው ነው። ጭስ ቢያንስ ዓይን አቃጥሎ ያባርራል። የቀላው ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል። የበረደው ሰው ደግሞ በሩን ብቻ አይዘጋም፤ ስንጥቁንም በጨርቅ ይወትፋል። በ1989 ዓ.ም. ክረምት ከኛ ማዶ ካለው ግቢ ሁለት ወንድማማቾች ማንደጃ አስገብተው ተኙ። ጧት በሩ ተሰበረ። የተረፈው ታናሽየው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔና እናቴ በየማታው ተጣላን። «እሳት የሌለበት ቤት መቃብር ነው» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ቁርጥማቷ እግሯ ላይ ነው፤ እግሯ ከሞቀ ትተኛለች። እንግዲህ ቤቱን ሳይሆን እግሯን ማሞቅ ይበቃል ብዬ፣ ከመርካቶ 50 ሊትር የሚይዝ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ቦይለር ገዛሁ።

የት ይሰቀል? ሙሉ ሲሆን የውኃው ክብደት ብቻ 50 ኪሎ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንዲህ ያለ ሸክም አይችልም፤ ምስማሩ ማገር ካላገኘ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። በዚያ ላይ ቤቱ የቀበሌ ነበር። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ግድግዳው የመንግሥት፣ ብርዱ የኛ ሆኖ ኖሯል። ግድግዳ መንካት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ደግሞ ዛሬ ነገ ነው። የብረት ሠራተኛው ነው መላውን ያመጣው፦ በአንጎላሬ አራት እግር ያለው ማቆሚያ በይዶ፣ እግሩን በሲሚንቶ ቀብሮ፣ ከላይ ቆርቆሮ አልብሶ ከጓሮ አቆመው። ቤቱን በጣት እንኳ አልነካም። ሊያየው የመጣው ሰውዬ ዙሪያውን ዞሮ የሚከለክለው ነገር አጥቶ ሄደ።

የቀረው ሥራ የውኃና የመብራት ነበር፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ደጅ የቆመ ብረት ዝናብ ያገኘዋልና የመሬት ሽቦው ከሁሉ ይቀድማል። ቦይለሩ 1,500 ዋት ይስባል፤ እንጀራ መጋገሪያው ምጣድ ከዚያ ከእጥፍ በላይ። ቆጣሪው ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለነበር ምጣድ በተጣደ ሰዓት ቦይለሩ ይጠፋል፤ የሁለቱ ግቢ ሴቶች ተስማምተው ነው ሰዓቱን የደለደሉት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ የማይመልስ ቫልቭ ካልገባ፣ መሥመሩ ባዶ ሲሆን የቦይለሩ ውኃ ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል፤ ማሞቂያው ብረት በደረቁ ይቃጠላል። ቫልቭ ገባ።

እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። «እሳቴን ከቤት አውጥተህ ደጅ አቆምከው» አለችኝ። የግንቦት ልደታ ዕለት ግን ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮውን እዚያው ጓሮ ሲቀቅል (የልደታ ንፍሮ ውጭ ተቀቅሎ ውጭ ነው የሚበላ) አንዷ አሮጊት ወደ ቦይለሩ እያዩ «ይኼስ ዓመቱን ሙሉ ልደታ ነው» አሉ። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ፍልውኃ ትዝ አለኝ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን እዚህ ያስቀመጣቸው ያ ሙቅ ውኃ አይደል? ከተማዋ ራሷ ደጅ በተገኘ ቦይለር ዙሪያ የበቀለች ናት።

ማታ ማታ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ እግሯ ሥር አኖርላታለሁ። ሌሊቱን ይዞ ያድራል። ማንደጃው መግባት ያቆመው በአንድ ቀን አይደለም፤ በመጀመሪያ ለቡና ብቻ፣ በሩ ተከፍቶ ሆነ፤ ቀስ በቀስ ቡናውም በረንዳ ወጣ።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት የልደታ ነባር ሠፈሮች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ የኛም ቤት ፈረሰ። ግድግዳው ስላልያዘው ቦይለሩ ሳይጫር ተፈቶ ወጣ፤ አንጎላሬው ተሸጠ። አሁን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ማሞቂያው ብረት ሁለት ጊዜ ተለውጦለታል። ማንደጃዋን እናቴ በረንዳው ላይ ታቀጣጥላለች። የላይኞቹ ጎረቤቶች ጭስ መጣብን ይላሉ፤ እሷ ግን ፍሙ ሲቀላም አታስገባው። በሩን ከፍተን፣ ጋቢ ደርበን፣ እየበረደን ቡናችንን እዚያው እንጠጣለን።