የተተኮሰ ልብስ ዋጋው ስንት ነው?

በአማርኛችን «ተኮሰ» የሚለው ቃል ሥራው ብዙ ነው። ወታደር ጠመንጃ ይተኩሳል፤ የባህል ሐኪም የታመመውን ሰው በጋለ ብረት ይተኩሳል፤ እኛ ደግሞ ማለዳ ተነሥተን ሸሚዛችንን እንተኩሳለን። ከሦስቱ መካከል ማንንም የማይጎዳው ይህ የመጨረሻው ነው ብዬ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን የደረሰብኝ ነገር አሳቤን አስለወጠኝ። እንደ እኔ በየማለዳው ከካውያ ጋራ ለሚታገሉት ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ታሪኩን ላጫውታችሁ።

በአገር ቤት ሳለን እናቴ ጋቢውንና ነጠላውን በእንዶድ አጥባ ሣር ላይ ታሰጣው ነበር። ሲደርቅም በልኩ አጥፋ ከመኝታው ሥር ታኖረዋለች፤ በማግሥቱ ሲወጣ እጥፋቱ ቀጥ ብሎ ይታያል። ካውያ የሚባል ዕቃ በቤታችን አልነበረም፤ ይሁን እንጂ እናቴን በንጽሕና የሚያማት ጎረቤት አልነበረም።

ለትምህርት ወደ ከተማ በመጣሁ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰኞ ሰኞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ አንድ መምህር በሰልፋችን መካከል እየተዘዋወረ ጥፍራችንን፥ ፀጉራችንንና ኮሌታችንን ይመለከት ነበር። እኔ የነበረኝ አንድ ነጭ ሸሚዝና አንድ ካኪ ሱሪ ነው። ስለዚህ እሑድ ማታ ሱሪዬን ውሃ ረጨት አደርግና መስመሩን አስተካክዬ ከፍራሼ ሥር አነጥፈዋለሁ። ሌሊቱንም ቀጥ ብዬ እተኛለሁ፤ ከተገላበጥሁ ሱሪው ሁለት መስመር ያወጣልና! ለሸሚዙ ደግሞ በብረት ኩባያ የፈላ ውሃ ሞልቼ በኮሌታው ላይ አመላልሰው ነበር። ከአንባቢዎቼ መካከል ይህን ያላደረገ ተማሪ ካለ ዕድለኛ ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ስቀጠር፥ በመጀመሪያው ደመወዜ ከመርካቶ የገዛሁት ዕቃ ካውያ ነው። የኤሌክትሪክ ካውያ እንዳልገዛ ግን በቀበና ክፍል ያከራዩኝ እናት አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። «ልጄ፥ አምፑልህን አብራ፤ ራዲዮህንም ክፈት፤ ካውያ ግን በቤቴ አይሰካም፤ ቆጣሪ ያስሮጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ካውያ 1,000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፤ ይኸውም በክፍሌ ትበራ የነበረችውን ባለ 60 ዋት አምፑል የመሰሉ 16 አምፑሎችን በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ስለዚህ የከሰል ካውያ ገዛሁ። ክዳኑ የሚቈለፍበት ጫፍ የአውራ ዶሮ ቅርጽ ያለው፥ ክብደቱ ክንድ የሚያዝል ብረት ነበረ።

የተተኮሰ ልብስ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ሸሚዜ የተተኮሰ እንደ ሆነ ባለጉዳዩ «ጌታዬ» ይለኛል፤ ዘበኛውም ብድግ ይላል። አንድ ቀን ቸኩዬ ልብሴን ሳልተኩስ ብመጣ ያው ዘበኛ «ወዴት ነው?» ብሎ በር ላይ አቆመኝ። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የሚባለው ለካ እውነት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለ ካውያ ከቤቴ ላልወጣ ማልሁ።

በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እኅቴ ለትምህርት ከአገር ቤት መጥታ ከእኔ ዘንድ ተቀመጠች። ዕድሜዋ 15 ዓመት ነበር። እንግዲህ የአገራችንን ልማድ ታውቃላችሁ፤ ማንም ሳያዛት፥ እኔም ሳልጠይቃት፥ ካውያው ከእኔ እጅ ወደ እርስዋ እጅ ተላለፈ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ከሰል ታያይዛለች፤ ፍሙ እስኪቀላ ታራግባለች፤ ከዚያም ሸሚዜንና ሱሪዬን ትተኩሳለች። ከካውያው ቀዳዳ ዐመድ በሸሚዙ ላይ የተነነ እንደ ሆነ ያን ስፍራ አጥባ እንደ ገና ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ቁርስ አለ፤ ዕቃ ማጠብ አለ። እኔ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ በምስማር ላይ የተሰቀለውን ልብስ ለብሼ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቀን «ራሴን አመመኝ» ስትለኝ እንቅልፍ ያልጠገበች ልጅ ሰበብ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ከትምህርት ቤትዋ ወረቀት መጣልኝ፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይቅረብ የሚል ነው። አስፈቅጄ ሄድሁ። ርእሰ መምህሩ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝና መዝገቡን ገለጡ። እኅቴ በአንድ መንፈቅ ውስጥ 31 ቀን አርፍዳ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው ሒሳብ ነበረና በሒሳብ ወድቃለች። ርእሰ መምህሩ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ፤ ከዚያም ወደ እኅቴ ዞር ብለው፥ «አንቺ ልጅ፥ እንዲህ ያለ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ወንድም እያለሽ ምነው ከእርሱ አትማሪም?» አሏት።

እኅቴ ዐይንዋን ከመሬት አላነሣችም፤ ምንም አልመለሰችም። እኔ ግን የሱሪዬን መስመር ተመለከትሁ። እንደ ምላጭ የተሳለ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያለ ዕፍረት አላውቅም። ጕዳችን ውስጡን ለቄስ ሆኖ ርእሰ መምህሩ የሚያዩት ላዩን ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ፥ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ጋሼ፥ እርስዎን ቢሮ ሰው ያይዎታል፤ እኔን ማን ያየኛል?» አለችኝ።

ያን ማታ ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ አሰብሁ። ከሰሉን ከማያያዝ ጀምሮ ልብሱ እስኪሰቀል ድረስ 50 ደቂቃ ይፈጃል። በሳምንት 5 ቀን 250 ደቂቃ፤ በትምህርት ዓመቱ 40 ሳምንት 10,000 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ከ166 ሰዓት ይበልጣል። በቀን 5 ሰዓት ለሚማር ልጅ 33 የትምህርት ቀን ማለት ነው። የእኔ ሱሪ መስመር በዓመት የአንዲት ልጅ የ33 ቀን ትምህርት ይበላ ነበር! ለራሴ የምከፍለው መስሎኝ ስለ ነበረ ዋጋውን ጠይቄ አላውቅም።

ስለ ራስ ምታቷም ያወቅሁት ኋላ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ደማችን ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ መጀመሪያ ራስን ያሳምማል፥ ያጥወለውላል፤ ሲበዛም ይገድላል። እርስዋ የእኔ እንቅልፍ በብርድ እንዳይረበሽ ብላ በሩን ዘግታ ነበር የምትተኩሰው። የባሰ ያልመጣው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በማግሥቱ ካውያውን ከእጅዋ ተቀበልሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የሱሪዬን ጕልበት አቃጠልሁት፤ የካውያው ጫፍ እንደ ማኅተም ታትሞበት ቀረ። ልብስ ሰፊው በሚመስል ጨርቅ ጠግኖልኝ ያንኑ ለብሼ ቢሮ ገባሁ። የገረመኝ ነገር ቢኖር ጣሪያው አለመውደቁ ነው፤ ዘበኛውም ሁለት ቀን አይቶኝ በሦስተኛው ቀን ለመደው። እኅቴም በሰዓቷ እየደረሰች በሚቀጥለው ዓመት በሒሳብ አለፈች።

እንግዲህ ካውያ ይጣል ማለቴ ነውን? አይደለም። ይህን ያስተማረችኝ ያችው እኅቴ ናት። ዛሬ ነርስ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጨዋታ መካከል «ካውያ ለከንቱ ውዳሴ የተሠራ ዕቃ ነው» ብላት ተቈጣችኝ። የልብስ ቅማል የሚኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ዕንቍላሉንም የሚጥለው እዚያው ነው። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ሻርል ኒኮል የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 በቱኒስ ከተማ ሆኖ አረጋገጠ፤ ስለዚህም በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እስከ ዛሬ ከአገራችን ፈጽሞ ያልጠፋውን እያገረሸ የሚመለስ ትኩሳትም የሚያዛምተው ይኸው ቅማል ነው። ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ መለወጫ በሌለበት ስፍራ ልብስን በሙቅ ውሃ ማጠብ፥ ስፌቱንም በጋለ ካውያ አጥብቆ መጫን ሕይወት ያድናል። «ጋሼ፥ እኔ የምቈጣው በካውያው አይደለም፤ የሱሪው መስመር ብቻ ሲታይ የሰው ድካም ስለማይታይ ነው» አለችኝ።

እውነት ነው፤ የዚህን ሥራ ሸክም የተሸከሙት በብዙ አገር ሴቶች ናቸው። በ1882 ሔንሪ ሲሊ የተባለ የኒውዮርክ ሰው የኤሌክትሪክ ካውያን ባለመብትነት አስመዘገበ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1892 ሣራ ቡን የተባለች፥ በባርነት ዘመን የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት፥ እጅጌ ሳይጨማደድ የሚተኰስበትን ጠበብ ያለ ማስተኰሻ ሳንቃ አሻሽላ የባለመብትነት ወረቀት አገኘች። በ1950ዎቹ ደግሞ ሩት ቤኔሪቶ የተባለች የኬሚስትሪ ሊቅ በኒው ኦርሊንስ ባልደረቦችዋን ይዛ፥ ታጥቦ ሲደርቅ እምብዛም የማይጨማደድ ጥጥ እንዲገኝ ትልቅ ሥራ ሠራች። እነዚህ ሁለት ሴቶች ልባቸውን የሰጡት ሥራውን ለማቅለል መሆኑን ልብ በሉ።

ጥጥ ለምን እንደሚጨማደድ ያወቀ ሰውም ድካሙ ይቀንስለታል። የጥጥ ክር ሴሉሎስ ከሚባል ረዣዥም ሰንሰለት የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቶቹም እርስ በርሳቸው በደካማ ማሰሪያ ተያይዘዋል። ውሃ ሲገባ ማሰሪያው ይላላል፤ ሙቀትና ክብደት ክሩን ያቃናዋል፤ ውሃው ተንኖ ክሩ ሲቀዘቅዝ ማሰሪያው በአዲሱ ቦታ ይጠብቃል። ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው።

አንደኛ፤ ልብሱን ካጠባችሁ በኋላ አጥብቃችሁ አራግፋችሁ፥ ኮሌታውንና ስፌቱን በእጃችሁ ስባችሁ ስቀሉት። ግማሹ ሥራ ያን ጊዜ ያልቃል። ሁለተኛ፤ ርጥበቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ ተኩሱት፤ የደረቀ ጥጥ ሙቀት ብቻውን አያሸንፈውም። ሦስተኛ፤ እንደ ተኮሳችሁ ወዲያው አትልበሱት፤ እስኪበርድ ይሰቀል፤ ካልሆነ በክርናችሁ ላይ አዲስ ጭምድድ ይተከላል። አራተኛ፤ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ጊዜ ተኩሱ፤ ካውያን በየቀኑ እንደ ገና ማጋል ከሰልም ኤሌክትሪክም ይፈጃል። በልብሱ ምልክት ላይ ባለ አንድ ነጥብ ካውያ ካያችሁ እስከ 110 ዲግሪ፥ ባለ ሁለት ነጥብ እስከ 150፥ ባለ ሦስት ነጥብ እስከ 200 ዲግሪ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ናይለኑን አስቀድሙ፥ ጥጡን አስከትሉ። የሱፍ ሱሪ እንዳያብረቀርቅ በላዩ ርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉ። በከሰል የምትተኩሱም በርና መስኮት ክፈቱ።

እኔ ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራዲዮ እየሰማሁ አምስት ሸሚዝና ሁለት ሱሪ በአንድ ሰዓት ያህል እተኩሳለሁ። የአልጋ አንሶላና የውስጥ ልብስ ግን አልተኩስም፤ ማንም አላማረረኝም። ከኮት ሥር የሚውለውን የሸሚዝ ጀርባም አንዳንድ ጊዜ እተወዋለሁ፤ ይህን ለዘበኛው አትንገሩብኝ።

ልብስን መተኮስ ይገባልን? ለሚለው ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። የሳምንት አንድ ሰዓት ከራሱ ጊዜ ከፍሎ ተስተካክሎ መታየት የሚወድ ሰው ይተኩስ፤ ለራሱም፥ ለሚያስተናግደው ባለጉዳይም አክብሮት ነው። ጊዜው ለጥናት ወይም ለዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ጭምድዱን ችሎ ይሂድ፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን የሌላውን ሰው ማለዳ አስከፍሎ መስመር ማውጣት ከሁሉ የከፋ ውድ ልብስ ነው።

ነገ ጧት ሸሚዛችሁን ከምስማሩ ስታወርዱ፥ ማን ተኮሰው? በስንት ሰዓትስ ተነሣ? ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ።