ጋሼ፣ ሲቪኳና አራቱ ቱቦዎች

ለጋሼ መኪና የሚፈታው ሲበላሽ ብቻ ነበር። ደህናውን ነገር መፍታት በሳቸው ዓይን ሥራ ፈትነት ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ፊያትና ቮልስ ሲጠግኑ ኖረው፣ አሜሪካ ከመጡ በኋላ ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ይነዱ ነበር። ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ከወፍራም ካርቶን በመዶሻ ጠርዝ እየቀጠቀጡ ማውጣት፣ ሶማሌ ተራ ገብቶ የአንዱን መኪና ዕቃ ለሌላው አስማምቶ መመለስ የለመዱ ሰው ናቸው። እኔ በዲቪ ሄጄ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል፣ እሳቸው ምድር ቤት ስገባ፣ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ሆኜ ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለውን ደህና ማኒፎልድ እፈታለሁ የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልነበረም።

መኪናዬ የ1994 ሞዴል ሆንዳ ሲቪክ ነበረች፤ ከኋላ ወደ ላይ የምትከፈተዋ ባለ ሁለት በር፣ ዲኤክስ የሚሏት። አንድ ነጥብ አምስት ሊትር ሞተር፣ 102 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ። አየር ማቀዝቀዣ የላትም። በቨርጂኒያ ሐምሌ ይህ ቅጣት ነው፤ በኋላ ግን ጠቅሞናል፤ ከሞተሩ ፊት ቦታ የሚያጣብብ ተጨማሪ ማራገቢያና ቱቦ አልነበረም።

ሄደር የሚሉትን ነገር መጀመሪያ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው። ማታ ማታ ዋሽንግተን ዳውንታውን፣ ኬይ ስትሪት አካባቢ፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። እዚያ ሥራ ላይ የቆየ ሐበሻ ያውቀዋል፤ መኪናው ሳይታይ በድምፁ ይለያል። ሲሚንቶው ድምፁን አጥፎ ይመልሰዋልና ሌክሰሱ፣ የፖስታ ቤቱ መኪና፣ የአለቃው ቮልቮ ገና መውረጃው ላይ ሳሉ ይታወቃሉ። በዚያን ጊዜ የወጣቶቹ ሲቪኮች በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንደኛው ወገን ማርሚታውን ብቻ አውልቆ የወተት ጣሳ የሚያክል ነገር የሰካ ነው፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አይጥመኝም፤ ጩኸት ብቻ ነው፣ ጉልበት የለውም። ሌላው ወገን ጥቂት ነበር። ሲገባ ዝግ ያለ ነው፤ መውጫው ላይ ቤንዚን ሲረግጥ ግን ድምፁ ሳይሰነጠቅ፣ ሳይንኮሻኮሽ፣ አንድ ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱ ከምን እንደሆነ የነገረኝ ኖቫ ኮሌጅ አናንዴል ካምፓስ አብሮኝ ሒሳብ የሚማር ቬትናማዊ ልጅ ነው። አኩራ ኢንቴግራ ነበረው። ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ፤ ከሞተሩ ፊት አራት የሚያብረቀርቁ ቱቦዎች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ ሄደር የሚሉት ይህ ነው። የኔን ስከፍት በዚያው ቦታ በዛገ ላሜራ የተሸፈነ አጭር የብረት ጉብታ፣ የፋብሪካው ማኒፎልድ፣ አለ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ያ ልጅ ቅዳሜ ማታ ፎልስ ቸርች ወደሚገኘው ኢደን ሴንተር ወሰደኝ። የቬትናሞች የገበያ ማዕከል ነው፤ ምግብ ቤቱ ሲሞላ ወጣቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ኮፈን ከፍቶ ይቆማል። ቬትናሙ፣ ኮሪያው፣ ሳልቫዶሩ፣ ሁሉም የሆንዳ ቋንቋ ያወራል። በ2001 ‘ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ’ ፊልም ሲወጣና ሦስቱ ጥቁር ሲቪኮች በጭነት መኪናው ዙሪያ ሲከንፉ ሲታዩ፣ ማቆሚያው በተለጣፊ ጽሑፍ ተጥለቀለቀ። የድሮዎቹ ልጆች ተናደዱ። ከፊልሙ በፊት የነበረው ሰው ስለ ቱቦ ርዝመት ይከራከር ነበር፤ ከፊልሙ በኋላ የመጣው ስለ ቀለም።

ዕቃውን ከፓርኪንግ ቲፕ አጠራቅሜ አዘዝኩ። ካርቶኑ ሲደርስ ጋሼ ከታክሲ ተመልሰው ሳሎን ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሄደር ነው፣ ጋሼ። በማኒፎልዱ ቦታ የሚገባ።»

«የድሮው ተሰንጥቋል?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ይጮሃል?»

«አይጮህም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ቱቦውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ቱቦዎቹን በጣታቸው መከተል ጀመሩ። አራቱ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋጠማሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ወርደው አንድ ይሆናሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጠም ደጋግመው አዩ። «አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው» አሉ። «ታዲያ ይሄ ሞተር የሚተኩሰው 1-3-4-2 ነዋ! ልክ እንደ ፊያት።»

ልጆቹ በየማቆሚያው ሲከራከሩበት የከረሙትን ነገር እሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኙት። አንደኛውና አራተኛው ሲሊንደር የሚተኩሱት ክራንኩ አንድ ሙሉ ዙር ተራርቆ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ የሚጋሩት ቱቦ ውስጥ አንዱ ሲያስወጣ ሌላው አይገፋውም። የፋብሪካው ማኒፎልድ ግን አራቱን አፍ ወዲያው አጠገብ ላጠገብ ያገናኛቸዋል። ጋሼ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሲያስረዱ «ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ በር ሲወጣ ማለት ነው፤ እዚህ ግን ወንዱም ሴቱም በየበሩ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይገናኛል» አሉ። እትዬ «ታዲያ መኪናው ይፀድቃል?» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

በነገሩ ውስጥ ሌላም አለ። ጭሱ ከቫልቩ ሲወጣ በግፊት ነው የሚወጣው፤ አንድ ግፊት በቱቦው ሲሮጥ ከኋላው ዝቅ ያለ ግፊት ትቶ ይሄዳል፤ ቱቦው በልክ ከተሠራ ያ ባዶነት ቀጣዩን ጭስ ይስበዋል። አራት ወደ ሁለት፣ ሁለት ወደ አንድ የሚሄደው ዓይነት መካከለኛው ዙር ላይ ይረዳል፤ አራቱ በአንዴ አንድ የሚሆኑበት ደግሞ ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ነው ጥቅሙ። ከተማ ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል። ይህን ዛሬም እላለሁ።

ጋሼ ዕቃውን እንዲሁ አላለፉትም። በባትሪ መብራት የቱቦዎቹን አፍ ሲያዩ የብየዳ ትርፍ ወደ ውስጥ ፈስሶ አገኙ። «ይሄን ነው ለፍጥነት የሚሸጡት?» ብለው ሞረድ አመጡና አንድ ምሽት ሙሉ ሲሞርዱት አመሹ። ፍላንጁ ቀጥ ማለቱን በብረት ማስመሪያ ፈተኑ። አብሮ የመጣውን ስስ ጓርኒሲዮን ግን በሁለት ጣት ይዘው እንደ ቆሻሻ ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፤ የፋብሪካውን ከነአዲሶቹ ዳዶዎች ከሆንዳ ሱቅ እንዳመጣ አዘዙኝ። በካርቶን ጓርኒሲዮን ያደገ ሰው ለጓርኒሲዮን እንዲህ ይጠነቀቃል ብዬ አልገመትኩም። ምክንያታቸውን ግን ወዲያው ሰማሁ፦ ካርቶን የምንጠቀመው ስላጣን እንጂ ስለወደድን አልነበረም።

ሥራው የተያዘው ለቅዳሜ ነው። ቨርጂኒያ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ የጭስ መስመር ላይ ያለ ዳዶ ሁሉ ጠላት ነው። ስለዚህ ከሐሙስ ጀምረን ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እያርከፈከፍን አሳደርነው። ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን፣ ሲቪኳን በክሪክ አነሳንና በብረት መደገፊያዎች ላይ አስቀመጥናት። እዚህ ላይ ጋሼ ቀልድ አያውቁም። መደገፊያው ከገባ በኋላ መኪናዋን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዟት፤ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ብረት ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም ይሉ ነበር፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንንም አያስገቡም።

በሲቪክ ጭሱ የሚወጣው በሞተሩ ፊት፣ በራዲያተሩ በኩል ነው። ቤቱ ሆኖ ለሚጠግን ሰው ይህ በረከት ነው፤ ቆመህ፣ ጎንበስ ብለህ ትሠራለህ። መሸፈኛውን ላሜራ አነሳን። ኦክስጅን ሴንሰሩን በ22 ቁልፍ ፈታን። ማኒፎልዱን ከቴስታታው ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች በ12 ቡሶላ ስንሞክር አንዳንዶቹ ዘይቱን ጠጥተው ኖሮ በቀላሉ ለቀቁ፤ አንዱ ግን ዳዶው ከስታዱ ጋር ተጣብቆ ስታዱን ከነሥሩ ይዞት ወጣ። እኔ ቴስታታው የተበላሸ መስሎኝ ልቤ ራደ። ጋሼ ሳቁ። አዲስ ስታድ ይዘው ሁለት ዳዶ አስገቡበት፣ ሁለቱን እርስ በርስ አጠበቋቸው፣ ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ሲያዞሩት ስታዱ እየተሽከረከረ ወደ ቤቱ ገባ። ስታዱ ሲቀመጥ ዳዶዎቹን አላቀው አወጧቸው። የታችኛው ግጥሚያ፣ ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ጋር ያለው፣ ከሁሉም ክፉ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አላወራም፣ ሥሩ የተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ዓይን ውስጥ የሚገባ ዝገት፣ ክንድ ላይ የሚወርድ ዘይት፣ ሌላ የለም።

ከሰዓት በኋላ ቬትናማዊው ጓደኛዬ ቶርክ ሬንች ይዞ መጣ። የሆንዳ መመሪያ ከቴስታታው ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች በ23 ፓውንድ ፉት አጥብቁ ይላል፣ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ እያፈራረቁ። ጋሼ ግን ሄደሩን ገጥመው በልምድ አጥብቀው ጨርሰዋል። ልጁ በአክብሮት «ልፈትሽ?» አለ። አብዛኞቹ ላይ መሣሪያው ሳይንቀሳቀስ ቀጭ አለ። ዳር ላይ ያሉት ሁለቱ ግን ትንሽ ዞሩ። ጋሼ ሬንቹን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄ ዕቃ መውደቅ አያጣውም» አሉ። ልጁ አማርኛ ባይገባውም ገባው፤ አብረን ሳቅን። እትዬ ከነጀበናው ወደ ደጅ ወጡ፤ ልጁ ሦስተኛውን ሲኒ ሳይጠጣ እንዲሄድ አልፈቀዱለትም። ያን ማታ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ሰኞ ክፍል ውስጥ ነገረኝ።

ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት ጋሼ ቱቦዎቹን በአልኮል በደንብ ወለወሉ፤ የጣት ቅባት ከቀረ ሙቀቱ አሻራውን ብረቱ ላይ ያቀልመዋል። ያም ሆኖ ሲነሳ ጭስ ከኮፈኑ ሥር ተነሳ፤ የፋብሪካ ዘይት ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ደግሞ የሳሙና ውኃ። ብረቱ ሳይግል በየግጥሚያው ረጨንበት፤ እኔ የጭስ መውጫውን ጫፍ በጨርቅ ለአፍታ አፈንኩት። ቀዳዳ ቢኖር አረፋ ይነሳል፣ ወይም ‘ጭ፣ ጭ፣ ጭ’ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ለድምፅ ማማር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አረፋ አልነበረም።

ሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ላይ እኔ ነዳሁ፣ ጋሼ አጠገቤ። እውነቱን ለመናገር ሲቪኳ አውሮፕላን አልሆነችም። ከሄደር ብቻ የሚገኘው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ማንም ከዚህ በላይ ቢምልላችሁ ሊሸጥላችሁ ነው። ግን ከሦስት ሺህ እስከ አምስት ሺህ ዙር ባለው መካከል ቀለል ብላ ትወጣ ነበር፤ ድምፁም ያ በፓርኪንጉ ውስጥ የምወደው ዓይነት ሆነ። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ብዙ ዝም አሉ። ሁለተኛውን መብራት ስናልፍ ግን ጠየቁኝ፦ «ለክራውን ቪክቶሪያም ይሠሩለታል?»

ታክሲያቸው ነው። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ይሠሩለታል አልኳቸው። ግን ስምንት ሲሊንደር ስለሆነ ሁለት ጎን ነው፣ ሥራው እጥፍ ነው። ታክሲያቸውን በሄደር አልነኩትም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ለሌሎቹ ሾፌሮች ስለ አራትና አንድ፣ ስለ ሁለትና ሦስት ሲያስረዱ ሰምቻቸዋለሁ። አንዳንዱ ሾፌር ‘ልጁ አበላሻቸው’ ይል ነበር።

በየዓመቱ የሚደረገውን የቨርጂኒያ የደህንነት ምርመራ ሲቪኳ አለፈች። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ስላልነካነው የጭስ ምርመራውንም አለፈች። ካሊፎርኒያ ብንሆን ኖሮ ሄደሩ ራሱ የግዛቱን የፈቃድ ቁጥር መያዝ ነበረበት፤ ወደዚያ የምትሄዱ ይህን እወቁ።

የድሮውን ማኒፎልድ ጋሼ አልጣሉትም። አጥበው፣ ዘይት ቀብተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። መኪናዋን ስሸጥ ገዢው ልጅ ሄደሩን ፈለገ፤ ማኒፎልዱንም አብሬ ሰጠሁት። ሄደር ልትገጥሙ ያሰባችሁ ወጣቶች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ዳዶ አስቀድማችሁ ግዙ፣ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ፣ መኪናዋ ጥቂት ጊዜ ግላ ከቀዘቀዘች በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ፤ የፋብሪካውን ማኒፎልድም አትጣሉት።