ጎመንና አይብ የተሞላ ዳቦ ለጎረቤት ማዕድ

በአገራችን ልማድ እንግዳ ሊያከብር የሚወድ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሥጋ ነው። ነገር ግን ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ ስለማይበላ፣ የሥጋ ማዕድ ጎረቤትን ሁሉ በአንድነት ሊያስቀምጥ አይችልም።

እኛ የምንኖርባት ቱሉ ዲምቱ፣ ስሟ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ወደ አዳማ በሚያወጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ የሰበሰበን ሰዎች፣ ሃይማኖታችን ልዩ ልዩ ሆኖ ሳለ በአንድ ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ስለዚህ ሥጋ የሌለበት፣ ሆኖም ለክብር የሚበቃ ምግብ አስፈለገን፤ ይኸውም ጎመንና አይብ የተሞላ ዳቦ ነው። ግሪኮች ስፒናችና አይብ በስስ ሊጥ አድርገው ስፓናኮፒታ ይሉታል፤ የጄኖቫ ሰዎችም ለፋሲካ ቅጠል፣ አይብና እንቁላል የተሞላ ቶርታ ይጋግራሉ። ለእኛ ግን የገዛ ጓዳችን ይበቃናል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት በእርሾ፣ በጨውና ለብ ባለ ውሃ አቡክቶ ኩፍ እስኪል መተው ነው። አይቡን በቤት የሚያወጣ ሰው፣ ቅቤው የተናጠለትን አሬራ በዝግተኛ እሳት ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ያሞቃል። ረግቶ ሲለይ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ አጓቱን ያጠልላል። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ 1 ኪሎውን ጎመን ሲቀቅሉ መታገሥ ያስፈልጋል። ከበሰለ በኋላ አጥብቆ መጭመቅና አድቅቆ መክተፍ ነው። የሥራው ምሥጢር ውሃን ማስወገድ ነውና፤ የጎመኑ ውሃና የአይቡ አጓት ከቀሩ የታችኛው ሊጥ አይበስልም። ጎመኑን ከግማሽ ኪሎ አይብ፣ ከ2 እንቁላል፣ በንጥር ቅቤ ከበሰለ ሽንኩርት፣ ከኮረሪማና ከጨው ጋር ማዋሐድ ነው።

ሊጡን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በምጣድ ላይ በተነጠፈ የኮባ ቅጠል መዘርጋት፣ ጎመኑንና አይቡን ማደላደል፣ በሁለተኛው ሊጥ ከድኖ ጠርዙን መግጠም፣ ቅጠል ደርቦ በአክንባሎ መክደን ይገባል። አያቶቻችን ድፎ ዳቦን ከታችም ከላይም እሳት አድርገው ይጋግሩ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ፣ ከ30 ደቂቃ ገደማ በኋላ በሰፌድ ገልብጦ ሌላውን ገጽ ማብሰል ነው።

አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን በበዓላችን ቀን ቡና ብቻ ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ይህ ዳቦ ከቀረበ ወዲህ ግን ከእኛ ጋር ተቀምጠው ይቆርሳሉ፤ የአይቡንም መልካምነት ይመረምሩልናል።

ቀኑንም መምረጥ ይገባል። በረቡዕ፣ በዓርብና በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አይብና እንቁላል ለኦርቶዶክሳዊ ጎረቤት አይቀርብም፤ በረመዳንም ሙስሊሙ የሚመገበው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን የረቡዕና የዓርብ ጾም ስለሌለ፣ ግብዣው እንደ ልብ ይሆናል።

ጎረቤትነት በደረጃ ላይ ሰላምታ በመለዋወጥ ብቻ አይጸናም። የእመቤቲቱ ሙያ የሚመሰገነው ምግቡ ስለ ጣፈጠ ብቻ ሳይሆን፣ ከማዕዷ ማንም ሳይበላ እንዳይነሣ አስቀድማ ስላሰበች ጭምር ነው።