መጠጡን ወይስ ዕቃውን?



በየዓመቱ ለትምህርታዊ ጉብኝት ስንዘጋጅ ከወላጆች በብዛት የሚደርሰን ጥያቄ ስለ አውቶቡሱ ወይም ስለ ክፍያው አይደለም፤ ስለ ውሃ ነው። «ልጄ ውሃ ይዞ መግባት ይችላል?»፣ «ጁስ ምን አደረገ?»፣ «ፓርክ ውስጥ ሲጠጡ ነበር፤ ሙዚየም ውስጥ ለምን ተከለከሉ?» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። በናይሮቢ የጥር ፀሐይ አርባ ልጆች ይዞ የወጣ መምህር ግን ትንሽ እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለዚሁ ጉዳይ ልንነግራችሁ ወደድን።

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ሕግ እንዳለ እንለይ። ሙዚየም በአብዛኛው የሚከለክለው መጠጡን ነው። ፓርክ የሚከለክለው ግን መጠጡን ሳይሆን የተያዘበትን ዕቃ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ልጅ ሁለቱንም «ዝም ብሎ ክልከላ» አድርጎ ይወስዳቸዋል። ምክንያቱን ያልተረዳውን ሕግ ደግሞ ጥበቃው ዞር ሲል ይረሳዋል።

ከኪሌሌሽዋ ብዙም የማይርቀውን የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም እንውሰድ። በውስጡ ላባቸውና ቆዳቸው ሳይበላሽ የተጠበቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወፎች አሉ። ጆይ አዳምሰን የሳለቻቸው የኬንያ አበቦችና ሰዎችም አሉ። ካሞያ ኪሜው የተባለው ኬንያዊ የቅሪተ አካል ፈላጊ እ.ኤ.አ. በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያገኘው፣ ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው «የቱርካና ልጅ» ታሪክም የሚነገረው እዚያው ነው። ተማሪዎቻችን ሐይቁን ሲያስቡ አብዛኛው ውሃው ከአገራችን ከኦሞ ወንዝ እንደሚመጣ ያስታውሱ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢፈስ ምን ይሆናል? ወለሉ ይወለወላል፤ በስንጥቁ የገባው ስኳር ግን ይቀራል። ስኳሩ ጉንዳንና በረሮ ይጠራል። ነፍሳት መግባት ከጀመሩ ደግሞ ላባ፣ ቆዳና ወረቀት የሚበሉትም መንገዱን ያገኙታል። ብል የገባበትን የሱፍ ልብስ ያየች እናት ይህን ለማስረዳት ከእኛ ትሻላለች። «ታዲያ ንጹሕ ውሃስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። በውሃ ቀለም የተሳለ አበባ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ቢያርፍ ቀለሙ ይፈስሳል፤ ሠዓሊዋም የለችም፣ ማን ይመልሰዋል? እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን ለማየት አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ቅጂዋን ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ይጠበቃል። ጁስ ሲወጡ ይገዛል። አጥንቱን ግን ከየትም አንገዛውም።

የፓርኩ ሕግ ሌላ ነው። ኬንያ ኦገስት 28 ቀን 2017 የፕላስቲክ ከረጢትን፣ እኛ ፌስታል የምንለውን፣ ከለከለች። ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። ከአዲስ አበባ በርበሬና ሽሮ ይዘው የሚመጡ ዘመዶቻችን ጓዛቸውን በጨርቅ ከረጢት መያዝ የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ቀጥሎም ከጁን 5 ቀን 2020 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርኮች፣ በባሕር ዳርቻዎች፣ በደኖችና በሌሎች ጥብቅ ስፍራዎች አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ፕላስቲክ ይዞ መግባት ተከለከለ። የውሃ ጠርሙስ፣ ስትሮ፣ የሚጣል ኩባያ፣ ሳህንና ማንኪያ በዚህ ውስጥ ናቸው። ውሃ ግን አልተከለከለም፤ በብረት ኮዳ የያዘ ሰው ይገባል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከተማውም አጠገቡ ነው። የተጣለ ጠርሙስ ዝንጀሮ ያነሳዋል፣ ያኝከዋል። ዝንጀሮ ያልነካውን ዝናብ ይወስደዋል። በእኛ ሰፈር በኩል የሚወርደው ኪሪችዋ ወደ ናይሮቢ ወንዝ፣ የናይሮቢ ወንዝ ወደ አቲ ይገባል፤ አቲም ስሙን እየቀየረ ሄዶ ማሊንዲ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። ኪሌሌሽዋ ላይ የተጣለ ጠርሙስ ባሕር ለማየት ትኬት አያስፈልገውም።

እስከዚህ ድረስ ሕጉን መደገፍ ቀላል ነው። አሁን የሚከብደውን እንናገር።

በአንድ የጉብኝት ቦታ በር ላይ ጥበቃው የተማሪዎቻችንን ቦርሳ ሲፈትሽ ከአንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ቦርሳ ሃይላንድ አገኘና ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወረው። ከልጁ ፊት የነበሩት ያማሩ የብረት ኮዳዎቻቸውን እያሳዩ አልፈዋል። ልጁ አላለቀሰም። ወደ እኛ ዞሮ «ቲቸር፣ እኔ እኮ አልጣልኩትም፤ የጣሉት እነሱ ናቸው» አለ። ያቺን ሃይላንድ እናቱ ተርሙን ሙሉ ማታ ማታ እያጠበች፣ ስሙን በማርከር ጽፋባት ስትሞላለት ነበር።

በእኛ ቤት ሃይላንድ «አንድ ጊዜ የሚጣል» ሆኖ አያውቅም። ጠበል ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገለበጥበታል፣ አንገቱ ተቆርጦ ችግኝ ይተከልበታል። ስለዚህ ልጁ እውነት አለው፤ እውነት እንዳለውም ነግረነዋል። ጥበቃውም እውነት አለው። በዚያ በር በቀን ከሚያልፉት ጠርሙሶች የትኛው ከባለቤቱ ጋር እንደሚመለስ፣ የትኛው ሣር ውስጥ እንደሚቀር ሊያውቅ አይችልም። ሕግ የሚወጣው ለአንድ ጥንቁቅ እናት ሳይሆን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ነው። ይህንንም ለልጁ ነግረነዋል። በሁለት እውነቶች መካከል መቆም ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ትምህርት ነው፤ ግን ተምሮታል።

ለእኛ የቀረው ሥራ የሕጉ ሸክም አቅም ባነሰው ቤት ላይ ብቻ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። «የብረት ኮዳ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ማስታወቂያ መላክ ቀላል ነው። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ በአንድ ሳምንት ለሚደርስበት ቤት ግን ኮዳውም ወጪ ነው። ስለዚህ ከመምህራንና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር የሚከተለውን ወስነናል።

ከእንግዲህ ወደ ጉብኝት በሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ ባለ ቧንቧ ትልቅ የውሃ ዕቃና የብረት ኩባያዎች ይጫናሉ። ሙዚየም የሚገቡ ልጆች ከመግባታቸው በፊት ጠጥተው፣ መጸዳጃ ቤት ሄደው ይገባሉ፤ ሲወጡም ከምንም በፊት ውሃ ይሰጣቸዋል። ለፓርክ ጉዞ ትምህርት ቤቱ ኮዳ ያውሳል፤ የሚታደለው አንድ ዓይነት ኮዳ ለሁሉም ልጅ ስለሆነ ማን እንደተዋሰ ማን እንዳልተዋሰ አይለይም። በሕመም ምክንያት በየሰዓቱ መጠጣት ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ከቦታው ኃላፊዎች ጋር ቀድመን እንነጋገራለን። አብረውን የሚመጡ አዋቂዎችም ቡናቸውን በር ላይ ይጨርሱ። ልጁ ውሃውን አስረክቦ መምህሩ ማኪያቶ ይዞ ከገባ ስለ ሕግ ያስተማርነው ሁሉ እዚያው ፈረሰ።

ይህ ነገር ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስንገባ ጫማችንን ደጅ እንተዋለን፤ ጥበቃ አዞን አይደለም፤ የምንገባበትን ቦታ ስለምናከብር ነው። አያቶቻችንም መንገድ ሲወጡ ምግባቸውን በአገልግል፣ ውሃቸውን በቅል ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱም አገልግሉም ቅሉም አብረው ይመለሱ ነበር። ዛሬ በር ላይ የምንጠየቀው ከዚያ የተለየ አይደለም።

ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ሙዚየም ጠባቂ አለው፤ ፓርክም ዘበኛ አለው። ከትምህርት ቤታችን ወደ ቤታችሁ በምትሄዱበት መንገድ፣ በኪሪችዋ ወንዝ ዳር፣ ቦርሳችሁን የሚፈትሽ ማንም የለም። የዚህ ትምህርት ፈተና እዚያ ነው፤ ውጤቱንም ከራሳችሁ በቀር የሚያውቀው የለም።