ስክሪኑ ጠቆረ ብላችሁ ፎርማት አታስደርጉ

ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ አንዳንዴም ከደምበጫ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ኡቡንቱ ጫንኩ፣ ሎጎው ብቅ አለና ጨለመ። ኮምፒውተሩ ሞተ እንዴ?» አልሞተም። ጠያቂው ግን ብዙ ጊዜ መልሴን አይጠብቅም። ተሸክሞት ኮምፒውተር ቤት ይሄዳል፤ ልጁ ፎርማት ያደርግለታል፤ ዊንዶው ከነክራኩ ይመለሳል፤ ዲስኩ ላይ የነበረው የሠርግ ፎቶም አብሮ ይጠፋል። «ሊኑክስ ለኛ አይሆንም» የሚለው ወሬ የሚነዛው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰው ወደ ሊኑክስ (ኡቡንቱ አንዱ ዓይነቱ ነው) ቢያማትር አይፈረድበትም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ያገለገለ ሆኖ ወደኛ የሚመጣው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስም አለ። እንግዲህ ሰው በነጻ የሚገኘውን፣ ያረጀ ማሽን ላይም የሚሠራውን ቢሞክር ምን ይገርማል?

የሚገርመው ሌላው ሁሉ እሺ ሲል ስክሪኑ ብቻ ማመፁ ነው። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ድምፁ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ይሠራል። ምክንያቱ ይኸው፦ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ አብዛኛውን ድራይቨር (ዕቃውን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) በሆዱ ይዞ ይዞራል። የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨሮች ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ እዚያው ውስጥ ናቸው። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ግን የራሱን ድራይቨር ለዓመታት ዘግቶ ያዘ። በጎ ፈቃደኞች ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ከውጭ እያጠኑ «ኑቮ» የተባለ ክፍት ድራይቨር ጻፉ። ኑቮ ስክሪኑን ያበራል፤ ከአንዳንድ ካርዶች ጋር ግን ገና ከጅምሩ ይጣላል። ያ ጥቁር ስክሪን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ካሜራ እየቀረጸው፣ ለኩባንያው የመሀል ጣቱን አሳይቷል። ነውር ነው፤ ግን ንዴቱ ይገባኛል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ከርነሉ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ለአዳዲስ ካርዶቹ ከፈተ። የቀረው ክፍል ዛሬም ዝግ ነው።

የተዘጋ ድራይቨር ችግሩ ተጭኖም አያልቅም። ከርነል በየጊዜው ይታደሳል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ለአንድ ከርነል የተሠራ ነው። ለአንድ በሬ አንገት የተጠረበ ቀንበር ሌላ በሬ ላይ ቢጭኑት እንደሚልጠው ማለት ነው፤ በሬው በተለወጠ ቁጥር እንደገና መጥረብ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ይህን ጥረባ በራሱ እንዲሠራው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ድራይቨሩን ከራሱ ከኡቡንቱ ማከማቻ ከወሰዳችሁ። ከኩባንያው ድረ ገጽ «.ረን» የሚል ፋይል አውርዳችሁ በእጃችሁ ከጫናችሁ ግን ጥረባው የናንተ ዕዳ ይሆናል፤ ከርነሉ በታደሰ ማግሥት ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል። ዊንዶው ላይ የለመድነው «ድረ ገጽ ግባ፣ አውርድ፣ ጫን» እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሠራን።

አሁን ወደኛ አገር ጉዳይ ልምጣ። ስለዚህ ነገር የሚጻፍ ምክር ሁሉ ኢንተርኔት እንዳለን አድርጎ ነው የሚናገረው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ዛሬ መስመሩ ቢኖርም ድራይቨሩ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ የጥቅል ዋጋውን ታውቁታላችሁ። የመብራቱም ጉዳይ አለ። ድራይቨሩ እየተጫነ መብራት ከሄደ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀርና ማሽኑ በማግሥቱ አልነሣም ይላል።

ስለዚህ ምርጫው መደረግ ያለበት ገና ሲጫን ነው። ኡቡንቱ ከ19.10 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የኤንቪዲያን ድራይቨር በመጫኛው ፋይል ውስጥ አካቶ ማውጣት ጀምሯል። ሲጫን «የሦስተኛ ወገን ሶፍትዌር ጫን» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ፤ ያለ ኢንተርኔት ከፍላሹ ይጭነዋል። ይህቺን ሳጥን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፋታል። መጫኛው ራሱ ከጠቆረባችሁ ከመጀመሪያው ዝርዝር ላይ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን ምረጡ።

ከተጫነ በኋላ ከጨለመስ? ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኑ። ስምና ፓስዎርድ የሚጠይቅ የጽሑፍ ገጽ ከመጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ስዕሉ ብቻ ነው። መጣም አልመጣ ሪስታርት አድርጉና በሚነሣበት ጊዜ ግራብ የሚባለውን የማስነሻ ዝርዝር አውጡ (ኢስኬፕ ወይም ሺፍት)። እዚያ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሆናችሁ የእንግሊዝኛውን «ኢ» ተጫኑ፤ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቃል አድርጋችሁ ጻፉ፤ ከዚያ ኤፍ10። ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ፣ ገዘፍ ብሎ ይመጣል፤ አይክፋችሁ፣ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ገብታችሁ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ከሚለው የሚመከረውን ምረጡ። ችግሩ የመጣው ከርነል ከታደሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ እዚያው የግራብ ዝርዝር ውስጥ የድሮው ከርነል አለ፤ በሱ ግቡ። መብራት ሄዶ የተቋረጠም ቢሆን በሪከቨሪ ሞድ ውስጥ የተበላሹ ፓኬጆችን የሚጠግን ምርጫ ተቀምጧል። ለየትኛውም ፎርማት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን ሴኪዩር ቡት ላይ ነው። ባዮሱ ላይ በርቶ ከሆነ ማሽኑ ፊርማውን የማያውቀውን ድራይቨር አያስገባም። ኡቡንቱ ድራይቨሩን ሲጭን ፓስዎርድ አውጡ ሊላችሁ ይችላል፤ ከሪስታርት በኋላ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል። ቫይረስ መስሏችሁ ካለፋችሁት ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራም የሚነግራችሁ የለም። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስዎርድ አስገቡ። ጨርሳችሁ ተርሚናል ላይ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ስትሉ የካርዱ ስም ያለበት ሠንጠረዥ ከመጣ አበቃ።

ካርዱ ያረጀ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የጂፎርስ 400 እና 500 ካርዶች የመጨረሻ ድራይቨራቸው 390 ሲሆን፣ ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ትቶታል። ብዙዎቹ የ600 እና 700 ካርዶች 470 ላይ ቆመዋል፤ እሱም በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። እነዚህን ይዛችሁ ከአዲስ ድራይቨር ጋር አትታገሉ፣ በኑቮ ኑሩ። እንዲያውም ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ለሚሠራ ቤት የተዘጋው ድራይቨር ምንም አይጨምርለትም። የጥር ሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ያስፈልገው ይሆናል፤ እሱም የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ኬደንላይቭን በፕሮሰሰር ብቻ ማሠራት ይችላል፣ ጊዜ ይወስድበታል እንጂ።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ኢንተርኔትና መብራት በማይታመንበት ከተማ ለሊኑክስ የሚገዛ ኮምፒውተር የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ያለው ይሁን። ሻጩ «ኤንቪዲያ አለው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ፣ ሊኑክስ ልትጭኑበት ከሆነ፣ የጨመራችሁት ብር ሥራም ይጨምርላችኋል። ጌም የሚጫወት፣ በብሌንደር 3ዲ ምስል የሚሠራ ካልሆነ በቀር።

ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። የኡቡንቱ መጫኛ ያለበት አንድ ፍላሽ መሳቢያችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ጥቁር ስክሪን ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት በዚያ ፍላሽ አስነሡና ቢያንስ ፋይሉን አውጡለት። ለዚያ ብታስከፍሉትም ይከፍላል።