አደይን ሳይቀጥፉ

ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ መስክ አደይ አበባን በፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻ ሰው፥ ነፋስ ሳይነሣ ማልዶ በጭቃው ላይ መንበርከክ ይገባዋል፤ ቆሞ ቢያነሣው ቢጫ ምንጣፍ ብቻ ያገኛል። የካሜራውን መስተዋት ባስጠጋኹ ጊዜ አንድ አበባ የምንለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ኾኖ ታየኝ።

አንድ አረጋዊ ካህን ሲያልፉ፥ «ልጄ፥ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ። ምስሉን አሳየኋቸው፤ ዝም ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

በዓለ መስቀልን በአበባ ማክበር መልካም ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ለገበያ በሸክም የሚታጨደው አደይ ዘሩን በመስኩ ሳያራግፍ በከተማ ይደርቃል። ይህንም ለካህኑ ነገርኋቸው።

«በቅጽራችን ያለውን የሚነካው የለም» አሉኝ፤ «መስከረም 26 ጽጌ ሲገባ ተመልሰህ ና።»